በአንዱ ሞተር ላይ የመጣ ደብዳቤ

እኔ ችኩል ሰው ነኝ። ቆቦ መናኸሪያው አካባቢ ወርዳችሁ «ጎሚስታው ሰይድ የት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ «ያ አፉ ከልቡ የሚቀድመው?» ብለው ነው የሚያሳዩዋችሁ። የባጃጅ ጎማ እለጥፋለሁ። ከመለጠፌ በፊት ግን ባለጎማውን «አንተ ይሄን ነድተኸው ነው ወይስ አኝከኸው?» ብዬ ካልነገርኩት እጄ አይሠራም። ሰዉ ለምዶኛል፤ እንደውም ዝም ያልኩ ቀን «አሞህ ነው?» ይሉኛል። ይሄ የምነግራችሁ ነገር የደረሰው ገና እንዲህ በነበርኩበት ጊዜ ነው።

ታናሽ ወንድሜ እንድሪስና የጎረቤታችን የአያ ሙሄ ልጅ ከድር አብረው አደጉ፤ አብረው ዓረብ አገር ሄዱ። የአባቴን የየሱፍን ቤትና የነሱን ቤት የሚለየው አንድ የቁልቋል አጥር ነው። እዚያም አንድ ክፍል ተከራይተው፣ አንድ የሕንፃ ሥራ ላይ ተቀጥረው፣ አንድ ትሪ ከበው ነበር የሚኖሩት። አምስተኛ ዓመታቸው ላይ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ያገለገለ ሞተር ሳይክል ገዙ። ሁለቱን ሞተሮች በአንድ ትልቅ የእንጨት ሳጥን አሳሽገው፣ በአንድ ፋይል፣ በመርከብ ወደ ጅቡቲ ላኩ። የእንድሪስ ሞተር ለእኔ ነበር። ከድር ግን የራሱን የላከው ለራሱ ነው፤ ለዒድ ሊመጣ፣ ከዚያ ወዲያም ላይመለስ ወስኖ ነበር።

ሞተሮቹን ከጉምሩክ ለማውጣት የሁለቱም ውክልና ተላከ፤ የወንድሜ በእኔ ስም፣ የከድር በአባቱ ስም። እኔ ከወልድያ አልፌ አላውቅም ነበር። አያ ሙሄ ግን በወጣትነታቸው የጅቡቲ መኪና ረዳት ስለነበሩ መንገዱን ያውቁታል፤ አፋርኛውንም ዓረብኛውንም ይችላሉ። እሳቸው ባይኖሩ ድንበሩ ላይ፣ ገላፊ ኬላ፣ ከፈታሹ ጋር ተጣልቼ እመለስ ነበር።

ስለ አያ ሙሄ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው የሞተበት ሰው መንገድ ላይ፣ ገበያ ላይ፣ ባዶ ሆዱን አይነገረውም። መጀመሪያ እህል እንዲቀምስ ይደረጋል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሽማግሌ ገብቶ አስቀምጦ ይነግረዋል። በሰፈራችን ያ ሽማግሌ አያ ሙሄ ናቸው። ንግግራቸው ለስላሳ ነው፤ እጃቸው ትከሻ ላይ ሲያርፍ ያረጋጋል። ለዚህ ሥራ ስለሚመረጡ ማለዳ በርህን ካንኳኩ ገና ሳይናገሩ «ማን ሞተ?» ትላለህ። ልጆች እንኳ በጠዋት ሲያዩዋቸው ከፊታቸው ዞር ይላሉ። ደግ ሰው ሆነው እንዲህ መፈራታቸው ያሳዝነኝ ነበር።

ጅቡቲ በደረስን ማግስት ረፋዱ ላይ ቢሮው ገባን። ሙቀቱን አልነግራችሁም፤ የቆላ ልጅ ነኝ እያልኩ ስኮራ የኖርኩት ከንቱ ነበር። ጉዳያችንን የያዘችው መነጽር ያደረገች ሴት ነበረች፤ ድሬዳዋ ስላደገች አማርኛዋ ጥሩ ነው። ፋይሉን ከፈተች፤ አንድ ገጽ ገለጠችና ቆም አለች።

«ፋይላችሁ ላይ ደብዳቤ ገብቷል» አለች።

«የምን ደብዳቤ?»

«ከአንደኛው ባለቤት ጋር የተያያዘ ነው። ዋናው ኃላፊዬ ጋ ነው ያለው። እዚህ ያለው ‹እስኪጣራ ይቆይ› የሚል ማስታወሻ ብቻ ነው።»

«የትኛው ባለቤት? ሁለት ናቸው'ኮ!»

«ስም አልተጻፈበትም። ኃላፊዬ ከሰዓት በኋላ ነው የሚገባው፤ ዐሥር ሰዓት ላይ ተመለሱ።»

«ከማን ነው የመጣው ደብዳቤ?» አሉ አያ ሙሄ ቀስ ብለው።

«ከቆንስላ።»

እኔ ነደደኝ። «ቆንስላ ስለ ሞተር ምን አገባው? ጉድ'ኮ ነው! እኛ የሁለት ቀን መንገድ የመጣነው ‹ይቆይ› ለመባል ነው?» ብዬ ጠረጴዛዋን በመዳፌ መታሁት። አያ ሙሄ ክንዴን ይዘው አወጡኝ። በር ላይ ስንደርስ ፊታቸውን አየሁት፤ ደም የሚባል አልነበረበትም።

«ቆንስላ ስለ ሞተር አይጽፍም፣ ሰይዴ» አሉ። «ስለ ሰው ነው የሚጽፍ።»

እንድሪስ ስልኩን ከዘጋ ሦስተኛ ቀኑ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ከድርም አይመልስም ነበር፤ ግን ሥራ ቦታቸው ኔትወርክ የለም ሲሉን ስለኖሩ አላሳሰበንም ነበር።

ከስድስት ሰዓት ተኩል በኋላ ከተማው ሁሉ በሩን ዘጋ። ፀሐይዋ ጥላ የምትባል ነገር አላስቀረችም። አንዲት ዓሣ ቤት ብቻ ክፍት አገኘንና ገብተን ተቀመጥን። ገና ሳንታዘዝ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት። እናቴ በቀን ደውላልኝ አታውቅም።

የስልኬ ጆሮ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ላውድ ካላደረግሁት አይሰማም። ቆቦ ላይ የማያውቅብኝ የለም፤ የኔ ስልክ የሰፈር ሬዲዮ ነው ይላሉ። የአያ ሙሄ ስልክ ደግሞ ድንበሩን እንደተሻገርን ሞቷል። ስለዚህ የሚመጣው ወሬ ሁሉ በኔ ስልክ ነው፤ እሳቸውም ይሰሙታል።

«ሰይዴ፣ ምሳ በላህ?» አለች እናቴ።

«ገና ነው። ምነው?»

«ብላ እንጂ። ደህና አርገህ ብላ። አያ ሙሄ አጠገብህ ናቸው?»

«አለሁ እህቴ» አሉ እሳቸው ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው።

ትንፋሿ ይሰማኛል።

«እማ፣ እንድሪስ ደወለ እንዴ?»

«እንድሪስ ደህና ነው ልጄ። ወላሂ ደህና ነው። አያ ሙሄን አትለያቸው፣ እሺ? አትለያቸው፤ አብራችሁ ሁኑ፤ ምሳ ብሉ።» ድምፅዋ ተሰበረና ስልኩ ተዘጋ።

አንባቢዎቼ፣ እናንተም የዚህ አገር ሰዎች ናችሁ። አንድ ሰው በቀን ደውሎ፣ ምሳ መብላትህን ጠይቆ፣ ማን አጠገብህ እንዳለ አጣርቶ፣ ከዚያ «ወንድምህ ደህና ነው፣ ወላሂ ደህና ነው» ካለህ ምን ትረዳለህ? እኔም እንደዚያው ነው የተረዳሁት። እኛ ዘንድ ከመርዶ በፊት ሁሌም «ደህና ነው» ይባላል።

ወዲያው ደግሞ ሼህ ሁሴን፣ የሰፈራችን ትልቅ ሰው ደወሉ። «ሞተሩን ተዉት። ሞተር የትም አይሄድም። ዛሬውኑ ተነሥታችሁ ተመለሱ» አሉ።

«ምን ሆናችሁ ነው?» አልኳቸው። «ሼኽዬ፣ ስለ አላህ፣ ንገሩኝ!»

«ምንም የለም። ብቻ ኑ። ሰይድ... ይሄ ስልክህ አሁንም ይጮሃል?»

«አዎ፣ አያ ሙሄም እየሰሙ ነው።»

«በል እንግዲያ። አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ። ኑ።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። «ሶብሩን ይስጣችሁ» የሚባለው ለማን እንደሆነ አውቃለሁ። ወንድሜ ሞቷል። እንድሪስ፣ በጀርባዬ አዝዬ ከሮቢት ገበያ እስከ ቤት ያመጣሁት፣ ቁመቱ በልጦኝ እንኳ «ጋሼ» እያለ የሚጠራኝ ልጅ፣ ሞቷል። ዓሣ ቤቱ ውስጥ የሚሽከረከረውን ማራገቢያ እያየሁ ይሄን ለራሴ ደጋገምኩት።

አያ ሙሄ ወንበራቸውን ስበው ወደ እኔ ተጠጉ። እጃቸው ትከሻዬ ላይ አረፈ። ያ እጅ! ስንቱ ቤት የገባ እጅ ነው እኔ ላይ ያረፈው። ጮኼ መነሣት ፈለግሁ።

«አብሽር፣ ልጄ» አሉ። «ገና የሰማነው ነገር የለም። ቢሆንም ሰው ባዶ ሆዱን ነገር አይሰማም።»

ዓሣ አዘዙ። ትልቅ፣ በሁለት የተሰነጠቀ፣ እሳት ላይ የተጠበሰ ዓሣ ከነቂጣው መጣ። አልበላም አልኩ። እሳቸው እሾሁን በጣታቸው እየለቀሙ፣ ሥጋውን በቂጣ እየጠቀለሉ አጎረሱኝ። እንደ ሕፃን። «እሷን ብቻ» ይላሉ፤ ስውጣት «ይቺን ደግሞ።» አልቅሼ አላውቅም ባይ ነበርኩ፤ ያን ዕለት እንባዬ ከጉርሻው ጋር እየተቀላቀለ ነው የወረደ። እሳቸው ራሳቸው አልቀመሱም። እስከ ዐሥር ሰዓት ድረስ ከአጠገቤ አልተነሡም፤ ለሶላት እንኳ እዚያው ጥግ ላይ ነው የሰገዱ። ስለ ሞት አንዲት ቃል አልተናገሩም። ስለ እንድሪስ ልጅነት ጠየቁኝ፤ ተናገር፣ አውጣው ለማለት እንደሆነ ገባኝ።

አንድ ጊዜ ብቻ «ከድር ምን ሆኖ ይሆን? ብቻውን ሆነ እኮ» አልኳቸው።

«አላህ ያጥናው» አሉና ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

ዐሥር ሰዓት ቢሮው ሲከፈት እንደሚፈረድበት ሰው ተደግፌ ገባሁ። ባለመነጽሯ ቆማ ነው የጠበቀችን። ጠዋት የጮኽኩባት ሴት ወንበር ስባ ሰጠችኝ። ደብዳቤው እጇ ላይ ነበር። ማንን እንደምታይ ግራ ገባት፤ አንዴ እኔን አንዴ አያ ሙሄን ታያለች። ማናችን የማን ዘመድ እንደሆንን አታውቅም።

«ይቅርታ» አለች። «አንደኛው ባለቤት በሥራ ላይ በደረሰ አደጋ ሕይወቱ አልፏል። ንብረቱ የሟች ንብረት ተብሎ ወራሾቹ ማስረጃ ይዘው እስኪቀርቡ ይቆያል ነው የሚለው።»

«ስሙን፤ ስሙን ንገሪኝ» አልኩ።

ጎንበስ ብላ አነበበች። «ከድር መሐመድ።»

«አልሐምዱሊላህ!»

እንዲህ አልኩ። በሹክሹክታ አይደለም፤ ሁለት እጄን አንሥቼ፣ ቢሮው እስኪሰማ፣ ከሆዴ ውስጥ ነው የወጣው። ሌላ ወረፋ የያዙ ሰዎች ዘወር አሉ። አንድ ሰው እንደውም የምሥራች የሰማሁ መስሎት ፈገግ ብሎልኛል። እንድሪስ አለ! እናቴ እውነቷን ነበር! ደህና ነው ሲሉኝ በእውነት ደህና ነበር፤ እኔ ነኝ በአገሬ ልማድ ተርጉሜ የገደልኩት!

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ አንዲት ትንፋሽ ይሆናል። ከዚያ ትከሻዬ ላይ የነበረው እጅ እንደሌለ ተሰማኝ።

አያ ሙሄ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዘዋል። «እስቲ አንዴ ይድገሙልኝ፣ እናቴ» አሏት። ደገመችላቸው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ሲሉ ሰማሁ። «ተቀብሯል?» ብለው ጠየቁ። «ተቀብሯል ይላል፣ አባቴ» አለች። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ወንበር እያለ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

ይቺም እንዳታመልጠኝ፤ ካልነገርኳችሁ ዋሽቻለሁ። ሴትየዋ ሐዘኑ አስጨንቋት የምትሠራው ሲጠፋት ወረቀት ወደ እኔ ገፋች። «ያንተ ችግር የለበትም፤ እዚህ ጋ ብትፈርም ሊወጣ ይችላል» አለችኝ። እኔም እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። ሰውየው እግሬ ሥር ተቀምጠው፣ ስሜን መጻፍ ጀምሬ ነበር። «ሰ» ብዬ ጽፌ ነው እጄ የቆመው። እስክሪብቶውን ጥዬ አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ምን ልበላቸው? ባዶ ሆዳቸውን፣ ባዕድ አገር፣ በወረፋ መካከል፣ አጠገባቸው አንድ የሰፈራቸው ሰው ብቻ እያለ ነው የተረዱት፤ ያም ሰው አምላኩን ያመሰገነ ነው።

ሞተሮቹን እዚያው ትተን ተመለስን። ከገላፊ እስከ ሚሌ ያለውን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ድንጋይና አቧራ ነው፤ ዓይን የሚያርፍበት የለም። አያ ሙሄ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠዋል። ውኃ ስሰጣቸው ይቀበላሉ፤ ይጠጣሉ፤ ይመልሱልኛል። ይቅርታ ልላቸው አፌን እከፍትና እዘጋዋለሁ። ያ የማይዘጋ አፍ! ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ አባቶች፤ እኔ የጣልኩትን ቃል ከየት ገደል ወርጄ ላውጣው?

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ከወልድያ የያዝነው ሚኒባስ ጎብዬ ሲደርስ ሰዎች መንገዱ ላይ ቆመው አስቆሙት። ሼህ ሁሴን ናቸው፤ የሰፈራችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሽማግሌ አብሯቸው አለ። ልክ እንደምናውቀው፣ ነጠላቸውንም ጋቢያቸውንም ለብሰው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ለመምሰል እየሞከሩ።

«ቆቦ ከመግባታችን በፊት ቁርስ እንብላ ብለን ነው» አሉ ሼህ ሁሴን።

አያ ሙሄ ይሄን ቃል ራሳቸው ስንት ጊዜ ብለውታል! ቁርሱ ለምን እንደቀረበ ከዚያ ሁሉ ሰው በላይ ያውቃሉ። «እሺ፣ እንብላ» አሉና ወረዱ። ፉሉ ቀረበ። ቁራሽ በቁራሽ፣ ሳይቸኩሉ በሉ። የሽማግሌዎቹን ድካም ከንቱ ላለማድረግ እንደሆነ ገባኝ። እኔ ግን ላቤ ይወርዳል። አሁን «ማን ነገርዎት?» ይባላል፤ አሁን የዚያ ቢሮ ነገር ይወጣል፤ አሁን በሰፈሬ ፊት ራቁቴን እቆማለሁ እያልኩ።

እጃቸውን ሲታጠቡ ሼህ ሁሴን ተጠግተው፣ «አያ ሙሄ፣ አላህ የሰጠውን...» ብለው ጀመሩ።

«አውቄያለሁ» አሏቸው። «አትቸገሩ።»

ሁሉም ተያዩ። «ውይ! ማን ነገርዎት? የቢሮ ሰው ነው? ባዶ ሆድዎን?» አሉ ሼሁ።

አያ ሙሄ ወደ እኔ አዩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ሰይድ ነው የነገረኝ» አሉ። «ምሳ አብልቶ፣ አስቀምጦ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ። በደንቡ ነው የነገረኝ።»

ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ መረቁኝ። «ጀሊሉ ያክብርህ፣ ከችኩልነትህ ሁሉ ይቺ ትበልጣለች» አሉኝ። ያ ምርቃት እንደ ፍም ነው ያቃጠለኝ። ከዚያ ተሳፍረን ቆቦ ገባን፤ ለከድር እናት እስከዚያች ሰዓት ማንም አልነገራትም ነበር። አያ ሙሄ ራሳቸው ገብተው ነገሯት። የሷን ጩኸት አልጽፈውም።

እንድሪስ ያን ዕለት ደወለ። ከድርን የወሰደው የሕንፃ መወጣጫ ከሥሩ ሲደረመስ እሱ ውኃ ሊያመጣ ወርዶ ነበር። ስልኩን ዘግቶ የቆየው፣ ከቀብሩ በኋላም ለሼህ ሁሴን ብቻ የነገረው እኔ ብጠይቀው መዋሸት ስለማይችል ነው። «ጋሼ፣ ከማን ጋር እንዳለህ አውቅ ነበር» አለኝ። ሁላቸውም እኛን ሊጠብቁ፣ ደንብ ሊያከብሩ ብለው ነው። ማንንም አልወቅስም። መርዶ በስልክ ይነገር ብዬም አልከራከርም፤ አያ ሙሄ ጅቡቲ ውስጥ ያን ስም በስልኬ ጩኸት ቢሰሙት ኖሮ ይሻል ነበር ወይ ብትሉኝ አላውቅም።

የማውቀው ስለራሴ ነው። ዛሬ መልካም ነገር ሲደርሰኝ ቶሎ አልጮህም። መጀመሪያ አጠገቤ ማን እንዳለ አያለሁ። እናንተም ፈተና ያለፈ ልጅ፣ ከአደጋ የተረፈ ዘመድ፣ ነፃ የሆነ የሐኪም ወረቀት ሲገጥማችሁ፣ ደስታችሁ ልክ ነው፤ ግን ዘወር ብላችሁ እዩ። በዚያው ወንበር ላይ ሌላኛውን ወረቀት የተቀበለ ሰው አለ።

ሞተሮቹን ለማውጣት ከዚያ ወዲያ ሁለት ጊዜ ጅቡቲ ተመላለስኩ። የራሴን ከከድር በፊት አላወጣም ብዬ፣ የወራሽነት ማስረጃው እስኪያልቅ ጠብቄ ሁለቱን በአንድ መኪና አመጣኋቸው። የከድርን ሞተር አያ ሙሄ ግቢ አቁሜ፣ ሽፋኑን አልብሼ፣ ለብቻችን ስንሆን ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ።

«አውፍ ይበሉኝ፣ አያ ሙሄ» አልኳቸው። «ያን ቃል አውፍ ይበሉኝ። በየሌሊቱ ይሰማኛል።»

አነሡኝ። የሞተሩን ሽፋን አስተካከሉ።

«ያን ዕለት ዓሣውን ሳጎርስህ ውስጤ ምን ይል እንደነበር ታውቃለህ?» አሉ። «‹የየሱፍ ልጅ ነው፤ የኔ አይደለም፤ አልሐምዱሊላህ› ይል ነበር። ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ዐሥር ሰዓት፣ በያንዳንዷ ጉርሻ። አንተ አንዴ ነው ያልካት፣ ሰይዴ።»